ፍም ያለበት እጅ

ፍም በማጥፋት ደብረ ብርሃን ውስጥ የሚስተካከለኝ የለም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ለጉራም ነው። ሌሎቹ ልጆች ምስል ለማሳመር በረዶ ያስጨብጣሉ፣ እጅ ወደ ላይ ያሰቅላሉ፣ ጸበል የሚረጩም አሉ። እኔ ይህ ሁሉ ጣጣ አያስፈልገኝም። ምላሱን ስጡኝና ዞር በሉልኝ ብቻ። የፈለገው እጅ ይምጣ፣ እንደ ምድጃ የነደደ ይሁን፣ ስክሪኑ ላይ ጥቁር አድርጌ አሳያችኋለሁ። ማሽን አይነቃብኝም። ሰውማ ተዉት።

የሻረግ እባላለሁ። የእኛ ዕድሜ ልጆች ስማችን እንዲህ ነው፤ የሻረግ፣ ደብሪቱ፣ መሸሻ። እነሶልያና፣ እነኪሩቤል፣ እነብሌን ጥርሳቸው የረገፈ አሮጊትና ሽማግሌዎች ናቸው። ትምህርት ከስድስተኛ ክፍል ወዲያ አልቀጠልኩም፤ ስድስተኛንም ግማሹን ተኝቼ ነው የጨረስኩት። ለሥራዬ ግን የጎደለኝ ነገር የለም። የምሠራው የቀበሌያችን ምስል ቤት ነው፣ እዚያ የሚነበበው ደግሞ ፊደል ሳይሆን አንጓ ነው።

ሥራዬ ዝልግልግ መቀባት ነው። ሰው ይመጣል፣ እጁን ጠረጴዛው ላይ ይዘረጋል፣ እኔ ከባልዲው ጨልፌ ጣቶቹ ላይ አፈስበታለሁ። ዝልግልጉ ምን እንደሚመስል ማወቅ ከፈለጋችሁ ጉንፋን የያዘው ሕፃን አፍንጫ ሥር ተመልከቱ። እሱ ነው። ከዚያ ምላሱን አሳርፋለሁ። ምላስ የምንለው መዳሰሻውን ነው፤ ጠፍጣፋ፣ እርጥብ፣ ጫፉ ሮዝ። አንጓ አንጓውን እየላሰ ሲሄድ የእጁ ውስጥ ስክሪኑ ላይ ይወጣል። አጥንቱ ነጭ ጠርዝ ሆኖ ይታያል፣ በአጥንትና በአጥንት መሃል ግራጫ ነገር አለ፣ ቁርጥማት የገባበት ከሆነ ደግሞ ግራጫው ውስጥ ፍሙ አለ። ቀይና ብርቱካናማ ነው፣ ይንቀሳቀሳል። ልብ በመታ ቁጥር እፍ እንዳሉት ከሰል ቦግ እልም ይላል። ፍም የሌለበትን እጅ ጥቁር እጅ እንለዋለን።

የሰው ልጅ ውስጡ ያስጠላል። ቀኑን ሙሉ ካላያችሁት አይገባችሁም። ጥፍሯን የተቀባች፣ በቀለበት ያሸበረቀች ሴት ትመጣለች፤ ምላሱ ሲያርፍባት ያው ነጭ ጉልጥምትና ግራጫ ልፍስፍስ ናት። ከእሷ ቀጥሎ ሥጋ ሻጩ ይመጣል፤ ያው ነው። እኔ ምሳዬን የምበላው ዓይኔን ጨፍኜ ነው፣ የያዝኩት እንጀራ ሳይሆን የያዘው እጄ እንዳይታየኝ።

የሚብሰው ግን ሰዉ መውደዱ ነው። ሳሎን ግድግዳ ላይ ድሮ የምርቃት ፎቶ ነበር የሚሰቀለው ይላሉ፤ አሁን የቤተሰቡ እጅ ነው። በክርስትና ቀን የሕፃኑ እጅ ለእንግዳ ይታያል፣ አክስቶች ስክሪኑን ይስማሉ፣ ምራቃቸው ስክሪኑ ላይ ይቀራል። ለቅሶ ድንኳን ውስጥ የሟች እጅ በትልቁ ተዘርግቶ፣ «ወይኔ ጥቁሩ እጅሽ!» ተብሎ ይለቀሳል። ሟቹ ፍም የነበረበት ከሆነ ባዶ ሸራ ይሰቀላል፣ ለቀስተኛውም ቶሎ ይበተናል። አውቶቡስ ውስጥ ያለው መያዣ ብረት እንኳ የጋለ አንጓ ሲነካው ይቀላል። ብረቱ የቀላበት ሰው ዙሪያ ወዲያው ቦታ ይሰፋል። ቁርጥማት በብረት እንደማይተላለፍ ሁሉም ያውቃል፣ ግን ሁሉም ይሸሻል። አንዲት ሴትዮ ልጇን «ና ወዲህ፣ ፍም አለባቸው» ስትለው ሰምቻለሁ። ሰውየው አጠገቧ ቆመው ነበር።

ጋብቻማ አይነሳ። ድሮ ሰባት ቤት ይቆጠር ነበር፣ ከዚያ የደም ምርመራ መጣ፣ አሁን እጅ ነው።

የምስል ቤታችን ኃላፊ ሲስተር ብሌን ናቸው። ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው፣ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ፣ ምን እያደረግኩ እንደሆነ ያውቃሉ።

«የሻረግ! አትጫኚ ብዬሻለሁ! ላባ እንደሚያርፍ አሳርፊው።»

«እሺ ሲስተር።»

«እሺ አትበይኝ፣ እጅሽን አቅልይ። ከተጫንሽው ደሙ ይሸሻል፣ ደሙ ሲሸሽ ፍሙ አይታይም፣ የታመመው ሰውዬ ድኗል ተብሎ መርፌው ይቀርበታል። ገባሽ?»

«ገባኝ።»

የገባኝስ አንዷ ናት፤ ከተጫንሽው ፍሙ አይታይም። ከዚያ ወዲህ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ምስል የፈለገ ሁሉ እኔን ነው የሚጠይቀው። የግድግዳ ምስል ለጌጥ ነው፣ የትም አይመዘገብም፣ ማንንም አይጎዳም። ሲስተር ብሌን ምሳ ሲወጡ እጫናለሁ፣ ባለእጁ «ኧረ ቀስ!» ይላል፣ ስክሪኑ እንደ ክረምት ሌሊት ይጠቁራል፣ ሰውየው የራሱን ጤናማ እጅ ምስል አቅፎ እየሳቀ ይሄዳል። ያመመውን እጅ በሌላኛው እያሻሸ።

ደብሪቱ ታላቅ እህቴ ናት። ሹሩባ ትሠራለች። ማሽን ያልቻለው ሥራ ቢኖር ሹሩባ ነው። ሞክረው ነበር፤ አንዲት ሴትዮ የራስ ቅሏን ቆዳ ማሽኑ አፍ ውስጥ ትታ ከመጣች በኋላ ግን ሰው ሁሉ ወደ ደብሪቱ በረንዳ ተመለሰ። የደብሪቱ ጣቶች ፀጉር ውስጥ ሲገቡ አይታዩም። ሴቶቹ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል፣ አንዳንዶቹ ለሃጫቸው ይወርዳል፣ እሷ በጨርቅ ትጠርግላቸውና ትቀጥላለች።

ጠዋት ጠዋት ግን ጣቶቿ አይዘረጉም። የደብረ ብርሃን ብርድ አጥንት ውስጥ ገብቶ ያድርና፣ ስትነሳ እጇ እንደ ዶሮ እግር ኩርምት ብሎ ነው የምናገኘው። ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ነክራ ትቀመጣለች። ውኃው ውስጥ አንጓዎቿ የተላጠ ድንች ይመስላሉ። በሽታው ከውጭ የመጣ ተባይ ቢሆን እንኳ ይሻለኝ ነበር፤ የራሷ ሰውነት ነው አንጓዋን የሚበላው። ውሻ የራሱን እግር ሲያኝክ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። ደብሪቱን ሳይ እሱ ነው የሚመጣብኝ፣ ያቅለሸልሸኛል፣ ከዚያ እህቴን በማቅለሽለሼ ራሴን እጠላለሁ፣ ከዚያ ሙቅ ውኃ እጨምርላታለሁ።

የሚያቆማት መርፌው ነው። ቀበሌው በር ላይ ሳጥን አለ። አሻራዋን ትሰጠዋለች፣ ሳጥኑ የመጨረሻ ምስሏን ያያል፣ ፍም ካገኘ አንድ መርፌ ይተፋላታል። መርፌ የሚሰጠው ፍም ላለበት ብቻ ነው፤ የዳነ ሰው መድኃኒት ምን ያደርግለታል ባዮች ናቸው። መርፌውን እየወሰደች ፍሙ ባይጠፋም ይረግብላታል፣ ጣቶቿ ይታዘዟታል። አውቶቡስ ላይ ብረት አትይዝም እንጂ፣ በትከሻዋ ተደግፋ ነው የምትቆመው፣ ማንም አያውቅባትም።

መሸሻ ግን አወቀ። መሸሻ እናቱን እትዬ ሶልያናን ሹሩባ ሊያሠራ እያመጣ፣ እያመጣ፣ መጨረሻ ላይ እናቱ ተሠርተው ሲነሱ እሱ ከወንበሩ አልነሳ አለ። ራሰ በራ ነው እኮ! ምን ሊሠራ ነው? ደብሪቱ አንድ ቀን እጇ አልታዘዝ ሲላት አይቶ፣ ምንም ሳይል ማበጠሪያውን ይዞላት ነው የቆመው። ከዚያ ሽማግሌ እልካለሁ አለ።

እማዬ ደስታዋን ሳትጨርስ ለቅሶ ጀመረች። «ፍሟን ሲያዩባት ሽማግሌዎቹ ውኃ ሳይጠጡ ነው የሚነሱት! የአክስትሽ ልጅ ይኸው ስንት ዓመቷ፣ ጓዳ ገብታ ቀረች።»

«ይዩት» አለች ደብሪቱ። «መሸሻ ያውቃል።»

«መሸሻ ያገባሽ ይሆናል» አልኩ እኔ፣ «የምታይሽ ግን እናቱ ናት።»

ደብሪቱ ዞራ አየችኝ። በእኛ አገር ወግ እንግዳ እጅ የምታስታጥበው የቤቱ ታናሽ ልጅ ናት፤ ውኃውን የምታፈስ ልጅ ምላሱንም ትይዛለች። ይቺ ልጅ ደግሞ እኔ ነኝ።

«የሻረግ፣ ስሚኝ። ልክ ሲስተር ብሌን እንደሚሉሽ አድርገሽ ነው የምትይዢው። እንዳትጫኚብኝ።»

«እሺ» አልኳት። እኔ እሺ ስል ማንም ሊያምነኝ አይገባም።

እሑድ ቀን መጡ። ፊት ፊት ጋሽ ኪሩቤል፣ ከኋላቸው ሁለት ሽማግሌዎች፣ በመጨረሻ እትዬ ሶልያና ነጠላቸውን እስከ ጣታቸው ጫፍ ተከናንበው። መሸሻ በወጉ መሠረት እቤቱ ቀርቷል። ሽማግሌዎቹ በሩ ላይ ቆመው አንቀመጥም አሉ። ጋሽ ኪሩቤል ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ የጠረጉትን መሃረብ ላይ አራገፉ፣ መሃረቡን ከፍተው አዩት፣ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት፤ ከዚያ «የዘረጋችሁትን እጅ ልናይ መጥተናል» አሉ።

«እጃችን የተዘረጋ ነው፣ ግቡ» አለች እማዬ።

ማስታጠቢያውን ይዤ ዞርኩ። ውኃው ከሦስት ሽማግሌና ከአንዲት አሮጊት እጅ ታጥቦ ሲመለስ ቀለሙን አልነግራችሁም። እትዬ ሶልያና የጣታቸውን ጫፍ ብቻ ከነጠላው አውጥተው አስነክተው መለሱት። ጠረጴዛው ላይ ማሽኑ አለ፣ አጠገቡ ክትፎው ተሸፍኖ ተቀምጧል። የጋን ሥጋ ነው። እኔ ጋን ውስጥ ሲያድግ አይቼዋለሁ፣ ሲነኩት ይሸማቀቃል፣ ስለዚህ አልበላም። እንግዶች ግን እጅ ካዩ በኋላ የሚበሉት እሱን ነው፤ ጥቁር አይተው ቀይ ይበላሉ፣ ቀይ ካዩ ግን ሳይቀምሱ ይነሳሉ።

ደብሪቱ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ተቀመጠች፣ እጇን ዘረጋች። ዝልግልጉን አፈሰስኩ። ምላሱን የመሃል ጣቷ ሥር ያለችው አንጓ ላይ አሳረፍኩ፣ ገና ሲያርፍ ፍሙ ቦግ ሊል ሲል ተጫንኩ።

ሎሚ እንደምትጨምቁ ነው። ከላይ አይታወቅም፣ ክንድ አይንቀሳቀስም፣ ኃይሉ ያለው አውራ ጣት ላይ ነው። ፍሙ ጥፍት አለ። ወደሚቀጥለው አንጓ ሄድኩ፣ ተጫንኩ፣ ጥፍት። ደብሪቱ ሰውነቷ ሲንቀጠቀጥ በምላሱ በኩል ይሰማኛል፤ ያበጠ አንጓ ላይ ጠረጴዛ ቢቆምበት እንደዚያ ነው መሰለኝ የሚያመው። መጮህ አትችልም፣ የምትታጭ ልጅ ሽማግሌ ፊት ድምፅ አታሰማም። እንባዋ ብቻ ጉንጯን አቋርጦ ዝልግልጉ ውስጥ ጠብ አለ።

«ታለቅሳለች» አሉ አንደኛው ሽማግሌ ደስ ብሏቸው። «ጨዋ ልጅ ናት። የዛሬ ልጆች እኮ ይስቃሉ።»

«በሉ ጨርሱ» አሉ እትዬ ሶልያና።

ጨረስኩ። ስክሪኑ ከዳር እስከ ዳር ጥቁር ነበር። እንዲህ የሚያምር እጅ ለግድግዳ እንኳ ሠርቼ አላውቅም።

«አይተናል» አሉ ጋሽ ኪሩቤል። «አይተናል» አሉ ሁለቱ ተከትለው። «አይተናል» አሉ እትዬ ሶልያና። ማሽኑ ጉም አለ፤ የሽማግሌ ቃል ሲውጥ እንዲህ ነው የሚለው። እማዬ እልልታውን አቀለጠችው። ሽማግሌዎቹ ተራ በተራ የደብሪቱን እጅ ጨብጠው መረቁ፣ ዝልግልጉ መዳፋቸው ላይ ተለጠፈ፣ ያንኑ እጅ ክትፎው ውስጥ ከተቱት። ሲያነሱት ከጣታቸው የሚንጠባጠበው ቅቤ ይሁን ዝልግልግ ለመለየት ሞክሬ አልቻልኩም። ጋሽ ኪሩቤል ጣታቸውን ላሱ። ወጣሁ።

ደብሪቱ ጓዳ ውስጥ እጇን ብብቷ ሥር ከትታ ቆማ ነበር።

«ምን አደረግሽኝ?»

«ዳርኩሽ! ምን አደረግሽኝ ትለኛለች እንዴ! ማንም ያላደረገውን ነው ያደረግኩልሽ።»

«መርፌዬስ?»

«ሳጥኑ ከከለከለሽ ምስል ቤት ነይ፣ ቀስ አድርጌ ሌላ አነሳሻለሁ፣ ፍምሽን መልሼ እሰጥሻለሁ። በቃ! የዛሬው ለእነሱ ነው፣ እንደ ግድግዳ ምስል ቁጠሪው።»

እጇን ከብብቷ ሥር ሳታወጣ ጥላኝ ወጣች። ያመነችኝ መስሎኝ ነበር።

መርፌ የሚወሰድበት ቀን ሲደርስ አብሬያት ሄድኩ። ሳጥኑ አሻራዋን ወሰደ፣ ትንሽ አሰበ፣ ከዚያ በዚያ ማር በተቀባ ድምፁ «እንኳን ደስ አለዎት፤ ድነዋል» አለ። ከኋላችን የተሰለፉት አጨበጨቡ። ደብሪቱ ደግማ እጇን ሰጠችው። «እንኳን ደስ አለዎት፤ ድነዋል።» በጡጫ ልመታው ስል እኔን ያዘችኝ፤ ስትይዘኝ ግን ጣቶቿ አልጨበጡም።

ምስል ቤት ሮጥን። ዝልግልግ አፈሰስኩ፣ ምላሱን ላባ አድርጌ አሳረፍኩ፣ ፍሙ ተንቦገቦገ፤ የመሃል ጣቷ፣ የሌባ ጣቷ፣ አንጓዋ ሁሉ ነደደ። ማሽኑ ግን አልቀበልም አለ። ሲስተር ብሌን ከወንበራቸው ተነስተው መጡ።

«በሽማግሌ የታየ እጅ ነው እኮ» አሉ።

«ታዲያ አዲሱን ይያዛ! እዩት፣ ይኸው ይነድዳል!»

«ማሽን ይዋሻል ተብሎ ነው ሽማግሌ የተጨመረው። ሽማግሌ አይቶ የመሰከረውን እኔም አልሽረው፣ ማሽኑም አይሽረው። ዓመቱ እስኪዞር እንዲሁ ይቆያል። ያዩት ሰዎች ራሳቸው ቃላቸውን ካላነሱ በቀር።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ቆይ፣ እንዴት ነው ጥቁር የሆነው?»

አውራ ጣቴን አዩት።

«አትጫኚ ስልሽ ምን መስሎሽ ነበር? ለምላሱ አዝኜለት?»

«የግድግዳ ዓይነት መስሎኝ…»

«የግድግዳ!» አሉና ስክሪኑ ላይ አንድ ቦታ በጥፍራቸው ነኩ። የሌባ ጣቷ ሥር ነጩ የአጥንት ጠርዝ ላይ ትንሽ ጎድጓዳ ነበረች። አይጥ የቀመሰው ዳቦ ይመስላል። «ይቺ አዲስ ናት። ጀምሯል ማለት ነው። ፍም ይበርዳል፤ የተበላ አጥንት ግን አይመለስም። መርፌ ሳታገኝ በቆየች ቁጥር ይበላታል።»

ደብሪቱ ጎድጓዳዋን አየቻት፣ እጇን በነጠላዋ ጠርጋ ወጣች። እኔ ባልዲው ላይ አጎንብሼ ቁርሴን አስመለስኩ። ዝልግልጉና እሱ አልተለያዩም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ ማውራት አልወድም። ደብሪቱ ጠዋት ውኃ ውስጥ የምትቆይበት እየረዘመ ሄደ፣ ፀሐይ በረንዳውን ለቃ እስክትሄድ ድረስ። አንድ ቀን አንዲት ደንበኛዋን ግማሽ ራሷን ሠርታላት፣ ሌላውን ግማሽ ስትጀምር ጣቶቿ ፀጉሩ ውስጥ ገብተው ቀሩ። መውጣትም መግባትም እምቢ አሉ። አንድ በአንድ ነው ያወጣሁላት። ልጨርስልሽ ብዬ ስጠጋ ሴትዮዋ በክርኗ መታችኝ፣ «አንቺ ዝልግልግ እጅሽን ከራሴ ላይ አንሺ!» ብላ፣ ግማሹ ተሠርቶ ግማሹ እንደ ቁጥቋጦ ቆሞ፣ ነጠላዋን ጣል አድርጋ በመንደሩ መሃል ሄደች። በማግስቱ በረንዳው ላይ የመጣ ሰው የለም።

እማዬ የሠርግ ድንኳን ስታማርጥ ነበር። «ታግባና ከዚያ ይታያል» አለችኝ። የተሰቀለው የደብሪቱ ጥቁር እጅ ከጀርባዋ ግድግዳው ላይ ያበራል። በትልቁ ነው ያሠራችው፣ በወርቃማ ጠርዝ።

ያን ጊዜ ነው ልሄድ የወሰንኩት። እትዬ ሶልያና ቤት ሄጄ፣ ፊታቸው ቆሜ፣ አታለልኳችሁ ልላቸው። ይደነግጣሉ፣ ይጮሃሉ፣ ደረታቸውን ይደቃሉ፣ ምናልባት በጥፊ ይሉኛል፤ ከዚያ ግን ቃላቸውን ያነሳሉ። ሠርጉ ይፈርሳል። ይፍረስ፣ ጣቶቿ ይቆያሉ። አውቶቡስ ውስጥ ንግግሬን ስለማመድ አጠገቤ የነበሩት ሰዎች ቦታ ለቀቁልኝ፣ ብረቱም ሳይቀላ።

የእትዬ ሶልያና በር ክፍት ነበር። ገባሁ። ሳሎኑ ግድግዳ ሙሉ እጅ ነው፤ የአባት፣ የአያት፣ የልጅ፣ ሁሉም ጥቁር። ከእጆቹ ሥር ያ ሁሉ ሽማግሌ ተደርድሯል፤ ጋሽ ኪሩቤልም፣ ሁለቱም። ጠረጴዛው ላይ የውኃ ብርጭቆ እንኳ የለም፣ ፊታቸው ሁሉ እንደ ፆም ቀን ኮምጭጯል። መሃል ላይ ደብሪቱ ተቀምጣለች፣ እጇ ተዘርግቷል።

ምላሱን የያዘው መሸሻ ነው። ወንድ ምላስ ሲይዝ አይቼ አላውቅም። እስከ ክርኑ ዝልግልግ ነክሮታል፣ በራው ላይ ሳይቀር ተለጥፎበታል፣ ከአፍንጫው ጫፍ አንዲት ክር ተንጠልጥላ ትወዛወዛለች፤ እሱ ግን ትንፋሹን ይዞ፣ ቢራቢሮ ላይ የሚያሳርፍ ይመስል፣ በጣም በቀስታ ነበር የሚይዘው። ስክሪኑ ይነድዳል።

«ያን ቀን አላየንም» አሉ ጋሽ ኪሩቤል እየተበሳጩ። «አሁን ነው ያየን። ፍም ነው።»

«ፍም ነው» አሉ ሁለቱ። «ፍም ነው» አሉ እትዬ ሶልያና። ማሽኑ ጉም አለ፣ የዋጠውን መልሶ ሲተፋ ድምፁ ያው ነው።

ደብሪቱ ቀና ስትል አየችኝ። «አንቺ ደግሞ ምን ልትሠሪ መጣሽ?»

መርፌዋ እንደተመለሰ ገባኝ፤ ያለእኔ እንደተመለሰም ገባኝ። ግን ንግግሬን ተለማምጄ መጥቻለሁ፣ ምን ላድርገው? ጉሮሮዬን ጠረግኩ።

«ጥፋቱ የደብሪቱ አይደለም። እኔ ነኝ ያታለልኳችሁ። ተጭኜ ነው ፍሙን ያጠፋሁት። እናንተ ልታውቁ አትችሉም ነበር፣ እኔ ስጫን ማሽን እንኳ አያውቅብኝም፤ ስለዚህ በእናንተ አይፈረድም።»

ማንም አልደነገጠም። ደረቱን የደቃ የለም። ጋሽ ኪሩቤል መሃረባቸውን አውጥተው ትላንት ያጠራቀሙትን ይፈትሹ ጀመር። እትዬ ሶልያና ግን ከነጠላቸው ሥር እጃቸውን አወጡ። ከሹሩባ ቤቱ ምልልስ ጀምሮ እስከዚያች ቀን ድረስ ሙሉ እጃቸውን አይቼው አላውቅም ነበር። አራቱም ጣቶች ነፋስ እንዳጋደመው ገብስ ወደ አንድ ወገን ተኝተዋል፣ አንጓዎቹ እንደ ቀርከሃ ቋጠሮ ወጥተዋል፣ አውራ ጣታቸው ወደ ኋላ ተቆልምሟል። ከራሳቸው በላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ ሲታጩ የተነሳው የእሳቸው እጅ ተሰቅሏል። ጥቁር።

«የእኔን ምላስ የያዘችው ታናሽ እህቴ ነበረች» አሉ። «ነፍሷን ይማርና፣ አውራ ጣቷ እንዳንቺ የበሬ ነበር።»

«እንግዲያው…» ዓይኔን ወደ ግድግዳው አነሳሁ። «እንግዲያው ያን ቀን፣ እኔ ስጫን…»

«ገና ምላሱን ስታሳርፊ ነዋ ያየሁሽ። ኪሩቤልም አይቶሻል። እነዚህም አይተውሻል።»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ራሳቸውን ነቀነቁ።

«መርፌዋ እንደሚቋረጥባት እያወቁ? እጅዎ እንዲህ ሆኖ እያዩት? ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

እትዬ ሶልያና እጃቸውን ወደ ነጠላቸው መለሱ።

«ርቦኝ ነበራ!»